ማን ቀደመ?

በእኛ ከተማ ወንዙ በስሙ አይጠራም። ስሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ ይባላል፤ ግን ሰምቶ እንዳይመጣ ብለው ለማንም ሳይነግሩ ያልፋሉ። እኛ «ጌታው» ነው የምንለው። «ጌታው ዛሬ ጸጥ ብሏል»፣ «ጌታው ፊቱን አጥቁሯል» እየተባባልን ከዳሩ ኖረናል። እኔ ደንገል እያጨድኩ ምንጣፍ ስለምሠራ ከሌላው ሰው ይልቅ እቀርበዋለሁ፤ ቀረቤታው ግን የፍቅር አይደለም። እጄ ማጭድ ሲይዝ ዓይኔ ውኃው ላይ ነው። ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ያጨድኩትን ትቼ ወደ ዳገቱ እሸሻለሁ። ፈሪ ነህ ይሉኛል፤ ነኝ።

ቀድሞ ጌታው ሲሞላ የሚያስጠነቅቀን ድልድዩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ መለከት ነፊ ነበር። አንድ ክረምት ለቅሶ ሄዶ ሳይመለስ ጌታው መጣና የታችኛውን ሰፈር ጠረገው። አማቴ እማማ ደብሬ ባላቸውን ያጡት፣ ግድግዳ ወድቆባቸው ሁለት እግራቸው አልራመድ ብሎ የቀረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው፤ ባለቤቴ አስካለ አንድ ልጃቸው ናት።

ከጎርፉ በኋላ መንግሥት አሰበልን። ድልድዩን ከፍ አላደረገም፣ ግንብም አላሠራም፤ የሥጋት ሹም ሾመልን። ሹሙ የመጡ ዕለት አደባባይ ላይ ቆመው «ከእንግዲህ በዘፈቀደ መፍራት የለም፤ ፍርሃት በሥርዓት ይሆናል» አሉ። ቀጥለውም ከሁሉ ቀድሞ የሚደውል መሣሪያ ለሠራ ብልሃተኛ የቀዳሚነት ካባ እንደሚያለብሱ አወጁ። ብልሃተኛ በእኛ አገር እንደ ሸማኔ፣ እንደ አናጢ የሥራ ስም ነው። ካባው ደግሞ ለዘለቄታ አይሰጥም። ደወል በተደወለ ቁጥር የቀደመው ይለብሰዋል፣ የተቀደመው ያወልቃል። የለበሰውን አንቱ እንላለን፣ ሲያወልቅ ወደ አንተ እንመልሰዋለን።

ብልሃተኞቻችን ሁለት ነበሩ፤ ጌጤነህና ሽባባው። ከአንድ መምህር ሥር አብረው ተምረው፣ መምህሩ ሲሞት መዶሻው ለማን ይገባል በሚል ተጣልተው የቀሩ ናቸው። እንዳይተያዩ ሲሉ አንዱ ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ቤት ሠሩ። ሹሙ ይህን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው ይባላል።

ጌጤነህ በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ቅል ድልድዩ ሥር በገመድ አሰረ። ውኃው ሲሞላ ቅሉ ይንሳፈፋል፣ ገመዱ ይላላል፣ በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለው ድንጋይ ይወርድና አደባባዩ ላይ የተሰቀለውን ደወል ይመታል። ስቀን ነበር። በዚያው ክረምት፣ እኛ ዘንድ ጠራራ ፀሐይ ሳለ፣ እላይ አገር በዘነበ ዝናብ ጌታው ሞልቶ መጣ። ቅሉ ተንሳፈፈ፣ ደወሉ ጮኸ፣ እኛም ጉብታው ላይ ወጣን። እማማ ደብሬን ያዘልኳቸው እኔ ነኝ። አማት በአማች ጀርባ መታዘል በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ፊታቸውን በነጠላ ተሸፋፍነው «ማን መሆኔ እንዳይታወቅ» ይሉኝ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ግን «እማማ ደብሬ፣ እንደምን ዋሉ?» እያለ አለፈን። ቤታችን ተወሰደ፣ ሰው ግን አልጎደለም። ጌጤነህን ተሸክመን ጨፈርን። እማማ ደብሬ «ከዛሬ ጀምሮ የጌጤነህ ሰው ነኝ» አሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ይበልጣልም ከእሳቸው ብሶ በጌጤነህ ስም ይምል ጀመር።

ሽባባው ጭፈራውን ከቤቱ ሆኖ ሰማ። ሳይውል ሳያድር ወደ ላይኛው ገደል ወጣና የራሱን ቅል እዚያ አሰረ፤ ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ ሽቦ ዘረጋ። ሽቦ የሚባል ነገር ያየነው ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ሙላት የሽባባው ደወል ሲጮህ ምሳ በልተን፣ ዕቃ ሸክፈን፣ ጎረቤት ተሰናብተን ጉብታው ላይ ከወጣን በኋላ ነው ጌታው የደረሰው። ካባው ወደ ሽባባው ዞረ።

ጌጤነህ እንቅልፍ አጣ። ተራራው ላይ ጣሳ ደረደረ፤ ጣሳው ዝናብ ሲጠራቀምበት ይዘነበላል፣ ሲዘነበል ይደውላል። ሽባባው ደግሞ የሴት ፀጉር አየሩ እርጥበት ሲያዝል እንደሚረዝም ደረሰበትና የሚስቱን ሹሩባ ቆርጦ በደወል ምላስ ላይ አሰረው፤ ገና ጉም ሲወርድ ደወለ። ጌጤነህ ጉንዳን ማርባት ጀመረ። ጉንዳን ዝናብ ሳይመጣ እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣልና፣ ሲወጣ የሚረግጣት ቀጭን ሳንቃ ሠራለት።

እውነቱን መናገር ካለብኝ ከተማችን የሠለጠነችው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ቂም ነው። ሽቦውን እየመታን ከማዶ ዘመድ ጋር መነጋገር ተማርን። ደወሉን ከሚያስፈነጥረው ሞላ ራሱን የሚዘጋ በር ወጣ፤ ሽቦውን ከሚጠቀልለው መዘውር የውኃ መሳቢያ ተሠራ። እኔ ራሴ ደንገል እየጨፈለቅሁ የምዳምጥበት መሣሪያ ጌጤነህ አልሆነልኝም ብሎ የጣለው ነው። ሁለቱ ታርቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቅል ላይ ነበርን።

ነገር ግን ደወሉ እየቀደመ በሄደ መጠን ጎርፉ እየራቀ ሄደ። ጉም ወረደ ተብሎ እንወጣለን፤ ፀሐይ ይወጣል፣ እንወርዳለን። ጉንዳኖቹ በራሳቸው ጉዳይ ተጣልተው ይተራመሳሉ፤ እንወጣለን። አንድ ሰው ደፍሮ ሹሙን «ጌታዬ፣ ጎርፉ እኮ አልመጣም» አላቸው።

«ለምን አልመጣም ትላለህ?» አሉ ሹሙ። «ደወሉን ሰምቶ ነዋ።»

ከዚያ ወዲያ ጎርፍ ያልመጣበት ደወል ሁሉ ጎርፍ የመለሰ ደወል ተብሎ ተመሰገነ።

ሁለቱ ደወሎች መቀዳደም ሲበዛባቸው ሰው መንገድ ላይ «የጌጤነህ ነው የቀደመው»፣ «የለም የሽባባው ነው» እያለ መደባደብ አመጣ። ስለዚህ ሹሙ አንድ ሰሚ ሾሙ። ሰሚው አደባባዩ መሃል ማማ ላይ ተቀምጦ ደወሎቹን ያዳምጣል፤ ከዚያ የቆርቆሮ መለከቱን አፉ ላይ አድርጎ «ጌጤነህ ቀደመ» ወይም «ሽባባው ቀደመ» ይላል። ይህ ሳይነገር መውጣት ክልክል ሆነ። ስሙ የተጠራለት ወገን በክብር ፊት ፊት ይወጣል። የተቀደመው ወገን አደባባዩ ላይ ቆሞ «ይደገም» የማለት መብት አለው፤ ሲበቃው ከኋላ ይከተላል። ጋሽ ይበልጣል ድምፁ እስኪዘጋ «ይደገም» ከሚሉት አንዱ ነበር።

ሰው ሁሉ ለመደው። እኔ አለመድኩም። ደወል በሰማሁ ቁጥር የዛሬው እውነተኛው ነው እላለሁ፤ እማማ ደብሬን አዝዬ ዳገቱን እወጣለሁ። እሳቸው ጀርባዬ ላይ ሆነው ሰሚው የማንን ስም እንደጠራ ይጠይቁኛል። የጌጤነህ ከሆነ ይቀሉኛል፤ የሽባባው ከሆነ ይከብዱኛል።

«ልጄ፣ ጀርባህ አልቋል» አሉኝ አንድ ቀን ስንወርድ። «ሌላ ጊዜ ብትተወኝስ?»

«እንዴት እተውዎታለሁ?»

«እኔ ጌታውን አንዴ ፊት ለፊት አይቼዋለሁ። የሚፈራው ያላየው ሰው ነው።»

አስካለ ከፊት ሕፃን ልጃችንን ታቅፋ ትሄድ ነበር። ዞር ብላ «እማዬ፣ እሱ ሳያይም ፍርሃቱ ይበቃዋል» አለች።

በአንድ በጋ ነገሩ ባሰ። ደወሎቹ ከማለዳ እስከ ማታ ያለ ምንም ጉም፣ ያለ ምንም ጠብታ ይጮሁ ጀመር። አንዱ ጀመረ ሲባል ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው አቆመ ሲባል አንዱ ይነሳል። ሰሚው ድምፁ ተዘጋ። ካባው በቀን ውስጥ ሲመላለስ ስለሚውል ማንን አንቱ ማንን አንተ እንደምንል ጠፋን። በመጨረሻ ሹሙ ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ሰዓት እንዲቆሙ፣ በአንድ ሰዓት እንዲነሱ አዘዙ። ካባው ያን ሰዓት ሽባባው ላይ ስለነበረ እዚያው ቀረ። መሣሪያዎቹ ቆሙ፣ ተነሱ፣ ከዚያ በኋላ አንዳቸውም አልደወሉም።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። በልጉ ጣለ፣ ደወል የለም። ጉም ወረደ፣ ደወል የለም። ሹሙ «ጌታው ተሸንፏል» ብለው አወጁ። ሰው እፎይ አለ፤ ገበያው ከአደባባዩ ወደ ወንዙ አፋፍ ሰፋ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልደፈረው አሸዋ ላይ ቤት ተሠራ። እኔ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ለምን ብትሉኝ አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት የደንገል መዳመጫዬ ጥርሱ ተሰብሮ ላስጠግን ሽባባው ዘንድ የሄድኩ ቀን ነው። ካባውን እንደደረበ ነበር የሚሠራው። የመዳመጫዬን ጥርስ እየሞረደ ሳለ ዓይኔ መሣሪያው ላይ አረፈ። ፀጉር የለበትም። ወደ ገደሉ ይሄድ የነበረው ሽቦ ተቆርጦ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል። አንድ ሽቦ ብቻ በመስኮት ወጥቶ ወደ ጉብታው ይሄዳል።

«ይሄ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ጌጤነህ ቤት» አለ በኩራት። «የእሱ መሣሪያ ሊደውል ሲል ሞላው ይንቋቋል። የእኔ ያን ይሰማና ይቀድመዋል። ከዚህ በላይ መቅደም በዓለም ላይ የለም።»

«ጌታውንስ?» አልኩ በጣቴ ወደ ታች እያመለከትኩ። «እሱን የሚያየው የትኛው ነው?»

«እሱን ጌጤነህ ያየዋል። እኔ ጌጤነህን አያለሁ።»

መዳመጫዬን እዚያው ትቼ ጉብታውን ዞሬ ጌጤነህ ቤት ደረስኩ። ካባ ከለበሰ ስለቆየ ፊቱ ከስቷል። የጉንዳኖቹ ሣጥን ባዶ ነበር፤ ዶሮ ተኝታበታለች። ከመሣሪያው አንድ ሽቦ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

«ጌጤነህ» አልኩት፣ «ጉንዳኖቹ የት ሄዱ?»

«ጉንዳን ድሮ ቀረ። አሁን የሽባባውን ሞላ ነው የማዳምጠው።»

«ወንዙንስ?»

«እሱን ሽባባው ያየዋል።»

«ሽባባው እኮ አንተ ታየዋለህ አሉኝ። ማንም አያየውም ማለት ነው።»

ጌጤነህ ሥራውን አቁሞ አሰበ። ገባው ብዬ ልቤ ትንሽ አረፈ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«እኔ ወንዙን የማይ ይመስለዋል?» አለ። «እንግዲያው ሽቦዬን አላገኘውም! ጎሽ፣ ጥሩ ወሬ ነው ያመጣህልኝ።»

ከዚያ ወደ ሹሙ ሄድኩ። እግሬ መሬት መርገጡን አላውቅም። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ደወል ተደውሏል?» አሉ።

«አልተደወለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በማን ፈቃድ ነው የምትፈራው?»

 ያለ ደወል መፍራት ሌላውንም ሰው የሚያሳምም ስለሆነ ድጋሚ ከተገኘሁ ከከተማው እንደሚያስወጡኝ ነግረው አሰናበቱኝ። ለአስካለ ነገርኳት፤ ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ለጋሽ ይበልጣል ነገርኩት፤ «አንተ ሰው፣ ጌጤነህ ያልፈራውን አንተ ትፈራለህ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ደንገል የማጭድ እየመሰልኩ ውኃውን አየው ጀመር። ያጨድኩት ደንገል እንደ እኔ ቁመት ተከመረ፤ ምንጣፍ ግን አልሠራሁም።

የገበያ ቀን ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ እኛ ዘንድ ጥርት ብሎ ነበር። ውኃው በድንገት ሽታው ተለወጠ፤ የተቆፈረ አፈር አፈር ሸተተ። ቀጥሎ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ አመጣ፣ ከዚያ የአጥር ቁራጭ፣ ከዚያ እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ በግ። ደወል አልተደወለም። ማጭዴን ጥዬ ሮጥኩ።

«እማማ፣ ይታዘሉ» አልኳቸው።

«ደወል ሳይደወል? በገበያ መሃል? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ሊቆጡኝ ነበር። ያለ ማጭዴ መምጣቴን አዩና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። አስካለ ሕፃኑን ይዛ ቀድማኝ ወጣች። ገበያው መሃል ስንደርስ «ጌታው መጣ! ውጡ!» እያልኩ ጮኽኩ። ሰዎች ሁሉ ጆሯቸውን ወደ ደወሎቹ አቀኑ። ምንም የለም። ወደ ክርክራቸው፣ ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ። ጋሽ ይበልጣል ከሰው መሃል ወጥቶ መንገዴን ዘጋ።

«እህቴን በአደባባይ ታዋርዳታለህ?»

«ጋሽ ይበልጣል፣ በሞቴ፣ ይምጡ አብረን እንውጣ።»

«ጌጤነህ ሲደውል እመጣለሁ» አለኝ፤ ደግሞ ሳቀብኝ። ጥዬው አለፍኩ። እማማ ደብሬ በነጠላው ውስጥ ስሙን ሲጠሩት ሰማሁ፤ እሱ ግን ዞሮ ነበር።

ጉብታው ጫፍ ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁ። በላይኛው መታጠፊያ ላይ ውኃው ከዳር እስከ ዳር ቆሞ እየመጣ ነው፤ ከፊቱ ዛፍ ይገፋል። ታች ገበያው እንደቆመ ነው። ጮኽኩ፤ የገበያው ሁካታ ድምፄን ዋጠው። እማማ ደብሬን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያን ጊዜ ነው ከራሴ በላይ፣ በአንድ ግንድ ላይ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ያየሁት። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ አንዱን የነካ ሁለቱንም መሣሪያ ይነካል። የቀረበኝን ይዤ በሰውነቴ ሙሉ ክብደት ተንጠለጠልኩበት።

ሁለቱም ደወሎች በአንድ ጊዜ ጮኹ።

አምላኬን አመሰገንኩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ዕቃውን ያነሳው አነሳ፣ ልጁን የያዘው ያዘ፣ ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ማማው አዙሮ ቆመ። ሰሚው መለከቱን ወደ አፉ አደረገ፤ መልሶ አወረደው። እንደገና አደረገ፤ እንደገና አወረደ። በሹመት ዘመኑ ሁለቱ እኩል ሲደውሉ ሰምቶ አያውቅም። ከታች «ማን ቀደመ? ማን ቀደመ?» የሚል ጉምጉምታ እስከ እኛ ይመጣል። ውኃው የመጀመሪያዎቹን የአሸዋ ቤቶች ደረሰባቸው፤ ነጋዴዎቹ ያጠሩት የግንብ አጥር ከገበያው ስለከለላቸው ማንም አላየም።

ከስም በቀር የሚያንቀሳቅሳቸው ነገር እንደሌለ ገባኝ። እጄን አፌ ላይ እንደ መለከት አድርጌ፣ ሳንባዬ እስኪቀደድ፣ «ሽባባው ቀደመ!» አልኩ። ያን ስም ለምን እንዳልኩ አላሰብኩም። የያዝኩት ሽቦ የእሱ ነበር።

ማማው ላይ ላለው ሰሚ ድምፄ ደረሰው፤ ከሰማይ የመጣ ሳይመስለው አልቀረም፤ እፎይ ብሎ መለከቱን አነሳና «ሽባባው ቀደመ» ብሎ ደገመው። የሽባባው ሰዎች እልል እያሉ ዳገቱን ተያያዙት። የጌጤነህ ሰዎች አደባባዩ ላይ ተሰብስበው ቆሙ።

«ይደገም! ይደገም!»

ሽቦውን እንደገና ጎተትኩ። ደወሎቹ እንደገና እኩል ጮኹ። «ጌጤነህ ቀደመ!» ብዬ ልጮህ ስጀምር ከኋላዬ የሰው እጅ አፌን አፈነው። የሽባባው ሰዎች ጉብታው ጫፍ ደርሰው ነበር።

«ምን ነካህ?» አለኝ አንዱ፣ በሚያባብል ድምፅ። «አሁን እኮ ነው የቀደምነው።»

ታገልኩ። ሌሎችም መጥተው ክንዴን ያዙ። አስካለ «ልቀቁት፣ ሰው እታች አለ» እያለች ስትለምናቸው ይሰማኛል። በጣቶቻቸው መካከል አደባባዩን አያለሁ፤ እጃቸውን እያነሱ «ይደገም» የሚሉትን አያለሁ። ጩኸታቸው በአንድ ድምፅ ነበር፣ በደንብ የተለማመዱት ነገር ነው። ውኃው ግንቡን ጥሶ በሁለት በኩል ገባ። «ይደገም» ከሚለው ቃል የመጀመሪያው ግማሽ ነው የደረሰን።

አፌ ላይ የነበረው እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ።  አንዳንዶቹ ያመጡትን ዕቃ እንደያዙ ተቀመጡ። ከጉብታው በምሥራቅና በምዕራብ ሁለቱ ብልሃተኞች ከየቤታቸው ወጥተው፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ሽቦዎቻቸው እያዩ ሲሮጡ ይታዩ ነበር።

እማማ ደብሬ ካስቀመጥኳቸው ድንጋይ ላይ አልተንቀሳቀሱም። ነጠላቸው ወድቋል፤ ውኃውን እያዩ ነው። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። ወደ እኔ ሳይዞሩ ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

«መጀመሪያ ጌጤነህ ብትል ምን ነበረበት፣ ልጄ? ይበልጣል ይወጣ ነበር።»

የሽባባው ሽቦ ነው እጄ የገባው፣ ልላቸው ነበር። የወደቀውን ነጠላቸውን አንስቼ ትከሻቸው ላይ አደረግሁላቸው።